ስለ ውኃ ማጣሪያና ስለ ውኃ ግፊት፤ ማደሪያ ላለው መኪና ዕቃ ለሚሸጡ ነጋዴዎች

በዚህ ሳምንት ለአንባብያን የምናቀርበው ትምህርት የውኃ ፓምፕና የውኃ ማጣሪያ የሚሸጡ ነጋዴዎችን፥ በተለይም ማደሪያ ላለው መኪና ዕቃ የሚያቀርቡትን ይመለከታል። ማደሪያ ያለው መኪና የሚባለው አልጋ፥ ምድጃና መታጠቢያ ተሠርቶለት፥ ውኃውንም በራሱ ታንከር ይዞ የሚጓዘው ነው። በአሜሪካና በአውሮፓ እጅግ የታወቀ ሲሆን፥ በአገራችንም ጎብኚዎች ከውጭ እየነዱት ሲመጡ ይታያል።

አሠሪዬ እነዚህን ዕቃዎች ያስመጣሉ፤ እኔም ጸሐፊያቸው እንደ መሆኔ የውጭ አገሩን ካታሎግ ማንበብና ትእዛዙን መጻፍ የኔ ሥራ ነው። ከጥቂት ጊዜ በፊት አንድ የጉብኝት ድርጅት አሮጌ አውቶቡስ ወደ ማደሪያ መኪና ለውጦ፥ ከኛ ዘንድ ፓምፕና «ጥሩ ማጣሪያ» ጠየቀ። እኔም የማይክሮኑ ቍጥር ባነሰ መጠን ዕቃው ይሻላል ብዬ በማሰብ፥ በካታሎጉ ካሉት ሁሉ ደቃቁን፥ ማለት የግማሽ ማይክሮን የከሰል ማጣሪያ ጻፍኩላቸው። የሰው ጠጕር ውፍረት ከ50 እስከ 100 ማይክሮን ያህል መሆኑን ያሰበ ሰው ግማሽ ማይክሮን ምን ያህል እንደሚጠብ ይገባዋል፤ እኔ ግን ያን ጊዜ አላሰብኩትም። ከሦስት ሳምንት በኋላ የድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ ተቈጥተው መጡ። «ፓምፑ ደካማ ነው፤ እንግዶቼ ሳሙና እንደ ተቀቡ ቀሩ፤ ገንዘቤን መልሱልኝ» አሉ።

አሠሪዬም ከማጣሪያው በኋላ ባለው ቧንቧ ላይ የግፊት መለኪያ አስገጠሙ፤ መርፌውም 3 ባር አሳየ። «ይመልከቱ፥ ፓምፑ ደኅና ነው» አሉ። ሥራ አስኪያጁ በበኩላቸው መታጠቢያውን ከፍተው የሚንጠባጠበውን ውኃ አሳዩ። ሁለቱም እውነት ተናግረዋል፤ ክርክሩ የተነሣው መለኪያው የተነበበው ቧንቧው ተዘግቶ ሳለ ስለ ሆነ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የጥንት ኬላ ቀረጥ የሚጠይቀው የሚያልፈውን ነጋዴ እንጂ በቤቱ የተቀመጠውን አልነበረም። ማጣሪያም እንደዚሁ ነው። ቧንቧው ተዘግቶ ውኃው በቆመ ጊዜ ምንም አያስከፍልምና ከማጣሪያው በፊትም ሆነ በኋላ ግፊቱ እኩል ነው። ቧንቧው ሲከፈት ግን ውኃው በጠባቡ ቀዳዳ ለማለፍ ከግፊቱ ይከፍላል፤ በፈጠነ መጠን፥ ማጣሪያውም በቈሸሸ መጠን ክፍያው ይበዛል። ቧንቧውን ከፍተን ያንኑ መለኪያ ብናነበው መርፌው ከግማሽ ባር በታች ወረደ። በደቂቃ 11 ሊትር እንዲሰጥ የተሠራው ፓምፕ ባለ 10 ሊትር ባልዲ ለመሙላት አራት ደቂቃ ፈጀበት። ማጣሪያውን አውጥተን ስንሞክረው ግን ያው ባልዲ ከአንድ ደቂቃ በጥቂት ብቻ አልፎ ሞላ። ስለዚህ ደንበኛ ግፊት አነሰኝ ብሎ በመጣ ጊዜ ባልዲና ሰዓት ከመለኪያው ይልቅ እውነቱን ይናገራሉ።

የታፈነ ማጣሪያ ፓምፑንም ይጎዳል። በነዚህ መኪኖች የሚገጠመው በ12 ቮልት ባትሪ የሚሠራ ፓምፕ፥ ግፊቱ ከተወሰነለት ልክ ሲደርስ ራሱን የሚያጠፋ ማብሪያ አለው። ውኃው በማጣሪያው ፊት ሲታገድ ግፊቱ ፓምፑ ዘንድ ቶሎ ይሞላል፤ ፓምፑ ይጠፋል፤ ጥቂት ውኃ ሲያልፍ እንደገና ይነሣል። ይህ ቶሎ ቶሎ መጥፋትና መነሣት ማብሪያውን ያቃጥለዋል። ደንበኛውም የተቃጠለውን ፓምፕ ይዞ ወደ ሻጩ ይመጣል።

መድኃኒቱ ትልቅ ፓምፕ መሸጥ አይደለም። በመጀመሪያ ከታንከሩ ወደ ፓምፑ በሚገባው ቧንቧ ላይ አሸዋና ስብርባሪ የሚይዝ የሽቦ ወንፊት ብቻ ይግባ፤ ደቃቅ ማጣሪያ በዚያ ከገባ ፓምፑ መሳብ ያቅተዋል፤ ፓምፕ ከመሳብ ይልቅ መግፋት ይቀናዋልና። ከፓምፑ በኋላ ለውኃው ሁሉ የ20 ማይክሮን ወይም የዚያን ያህል ማጣሪያ ይበቃል። ከዚያ በኋላ መሥመሩ ለሁለት ይከፈልና ደቃቁ የከሰል ማጣሪያ ለመጠጡ ቧንቧ ብቻ ይዋል። ሰው ብርጭቆ ለመሙላት ጥቂት ቢጠብቅ አይቈጣም፤ ሳሙና ተቀብቶ መጠበቅ ግን ሌላ ነገር ነው።

ስለ ግፊት ቍጥር ደግሞ አንድ ጥንቃቄ አለ። የአሜሪካ ካታሎግ ግፊትን በፓውንድ በካሬ ኢንች ሲጽፍ፥ የአውሮፓው በባር ይጽፋል። አንድ ባር 14.5 ፓውንድ ያህል ነው። ለአሜሪካ መኪና የተለመደው ከ40 እስከ 60 ፓውንድ፥ ማለት ከ2.8 እስከ 4.1 ባር ነው። 60ውን ከ4 ጋር አስተያይቶ «ይኼኛው ይበረታል» ብሎ የሚሸጥ ሰው ራሱንም ደንበኛውንም ያታልላል። መኪናው ቆሞ ከሆቴል ወይም ከከተማ ቧንቧ ጋር ሲገጠም ደግሞ የሚመጣው ግፊት ስለማይታወቅ፥ የግፊት መቀነሻ በመግቢያው ላይ መኖር አለበት፤ ያለዚያ የመኪናው ቀጭን ቧንቧ በሌሊት ይፈነዳል።

ከሰል ክሎሪንን ከውኃው ስለሚያወጣ ውኃው ይጣፍጣል፤ ነገር ግን ከማጣሪያው ወዲያ ቆሞ የሚሰነብተውን ውኃ ከተሐዋስያን የሚጠብቀው አይኖርም። መኪናው ብዙ ቀን ቆሞ ከዋለ፥ ማጣሪያዎቹን አውጥቶ፥ ለእያንዳንዱ 100 ሊትር ውኃ 5 በመቶ ክሎሪን ያለው፥ ሽቶ ያልገባበት በረኪና 100 ሚሊ ሊትር ጨምሮ፥ በቧንቧው ሁሉ አሳልፎ አራት ሰዓት ካቈዩ በኋላ ሽታው እስኪጠፋ በንጹሕ ውኃ ማጠብ ይገባል።

ይህን ሁሉ አስተካክለን መታጠቢያው መልካም ከወረደ በኋላ ሥራ አስኪያጁ አንድ ነገር ለመኑን። መኪናው የሚጓዘው ወደ ስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ነውና፥ እንግዶቹ እንዳይሠጉ ማጣሪያው ፍሎራይድን እንደሚያስወግድ በድርጅታችን ማኅተም እንድንጽፍላቸው ነበር። በዚያ ሸለቆ ብዙ ጕድጓዶች የዓለም የጤና ድርጅት ከወሰነው በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም በላይ ፍሎራይድ አላቸው። ከልጅነት ጀምሮ የሚጠጡት ሰዎች ጥርስ ይበልዛል፤ ለብዙ ዘመን ሲጠጣም አጥንትን ይጎዳል። አሠሪዬ ወደኔ ተመለከቱ። ደብዳቤው ሦስት መሥመር ብቻ ነበረና ለመጻፍ አያዳግትም፤ ገበያውም ትልቅ ነበር። ነገር ግን ፍሎራይድ በውኃ ውስጥ የሟሟ እንጂ እንደ ደለል የሚንሳፈፍ ስላልሆነ የማይክሮን ማጣሪያ አይዘውም፤ ተራውም ከሰል አያስቀረውም፤ ማፍላትም ውኃውን አሳንሶ ፍሎራይዱን ያበረታዋል እንጂ አያጠፋውም። የሚያስወግዱት ከከብት አጥንት የተዘጋጀ ከሰል፥ አክቲቬትድ አሉሚና የሚባለው ዕቃ፥ ወይም ሪቨርስ ኦስሞሲስ የተባለው መሣሪያ ናቸው። የመጨረሻው 3 ባር ያህል ግፊት ሲፈልግ፥ አንድ ሊትር ለማውጣት ብዙ ጊዜ ሁለትና ሦስት ሊትር ወደ ውጭ ያፈሳል፤ ታንከሩ 100 ሊትር ብቻ ለሚይዝ መኪና ይህ አይሆንም።

አሠሪዬም «ይህን ልጽፍልዎ አልችልም፤ የመጠጡን ውኃ ከአዲስ አበባ ሞልተው ቢሄዱ ይሻላል» አሏቸው። እኔም በደረሰኙ ላይ «ደለልንና የክሎሪንን ሽታ ያስወግዳል፤ ፍሎራይድንና ጨውን አያስወግድም» ብዬ ጻፍኩ። ሥራ አስኪያጁ ጥቂት ካሰቡ በኋላ ደረሰኙን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱና ባለ 20 ሊትር አራት ጀሪካን ገዙ፤ ጀሪካን የሚሸጡት ግን ጎረቤታችን እንጂ እኛ አይደለንም።