ለዓመታት የቆመ ቮልስዋገን፦ ሒሳቡ ከቁልፉ ይቅደም

በአዲስ አበባ በየግቢው ሸራ ለብሶ ወይም ዛፍ ሥር ተረስቶ የሚታይ አሮጌ ቮልስዋገን ለብዙ ጊዜ ቦታ ከማጣበብ ያለፈ ጥቅም ያለው አይመስልም ነበር። ባለፉት ዓመታት የተወሰዱ ሦስት ርምጃዎች ግን ይህን ግምት የሚያስከልሱ ናቸው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ዕድሜያቸው በገፋ ያገለገሉ ተሽከርካሪዎች ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. አጋማሽ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር ውስጥ እንዳይገቡ መከልከሉን አስታወቀ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 ቀን ደግሞ የብር ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። በመሆኑም ሰሌዳና ሊብሬ ይዞ በአገር ውስጥ ያለ መኪና፣ ቆሞም ቢሆን፣ የሚታሰብበት ንብረት ሆኗል።

ይሁን እንጂ በቆመ መኪና የሚገኘው ትርፍም ሆነ ኪሳራ የሚወሰነው በግዢው ዋጋ ብቻ አይደለም። ወጪው በምን ቅደም ተከተል እንደሚወጣም ይወስነዋል።

የምርመራ ዋጋ

ጉዳዩን በቀላል ስሌት ማየት ይቻላል። እየሠራ ያለ ቮልስዋገን በገበያ የሚያወጣው ዋጋ 100 ነው እንበል። የቆመው በ50 ቀርቧል። ሞተሩ ደህና ከሆነ ማስነሻው 25 ይፈጃል፤ ትርፉም 25 ነው። ሞተሩ የተበላ ወይም የተጣበቀ ከሆነ ግን ጥገናው 60 ይደርስና ገዢው 10 ይከስራል። ሁለቱም ዕድሎች እኩል ናቸው ቢባል፣ ሳይመረምር የሚገዛ ሰው በአማካይ የሚያገኘው 7.5 ብቻ ነው።

አሁን ገዢው ከመዋዋሉ በፊት ለምርመራ 2 ያወጣል እንበል። ሞተሩ መጥፎ ሆኖ ሲያገኘው ትቶ ይሄዳል፤ ደህና ሲሆን ይገዛል። አማካይ ትርፉ ወደ 10.5 ከፍ ይላል። ከሁሉም በላይ የከፋው ኪሳራው ከ10 ወደ 2 ይወርዳል። በኢኮኖሚክስ ቋንቋ ይህ የመረጃ ዋጋ ይባላል። በቮልስዋገን ላይ ደግሞ መረጃው በጣም ርካሽ ነው።

ከመክፈል በፊት

የመጀመሪያው ምርመራ አንድም ሳንቲም አይጠይቅም። የሻንሲ ቁጥሩ ከኋላ መቀመጫ ሥር፣ የሞተር ቁጥሩ ደግሞ ከዲናሞው ማቆሚያ በታች ተመትቶ ይገኛል። ሁለቱም ከሊብሬው ጋር መመሳሰል አለባቸው። ሞተሩ ተቀይሮ ሊብሬው ካልታረመ ስም ማዛወሩ ከጥገናው የበለጠ ሊያደክም ይችላል። መቀመጫው ሲነሣ የባትሪው ቦታም አብሮ ይታያል፤ አሲድ የሚፈስበት በመሆኑ ወለሉ ቀድሞ የሚዝገው እዚያ ነው።

ሁለተኛው ምርመራ በእጅ ይከናወናል። ከሞተሩ ጀርባ ያለውን ትልቁን ፑሊ ይዞ ወደ ውስጥና ወደ ውጭ መግፋትና መሳብ ነው። የሚፈቀደው እንቅስቃሴ ከ0.15 ሚሊ ሜትር አይበልጥም፤ በዓይን የሚታይና ኳ የሚል ከሆነ ሞተሩ ሙሉ በሙሉ መፈታት እንዳለበት ይጠቁማል። ገዢው ዋጋውን በዚያው ልክ ማውረድ ወይም መተው ይኖርበታል።

ቁልፉን ለማዞር አለመቸኮል

ብዙ ሞተሮች የሚጎዱት በቆሙባቸው ዓመታት ሳይሆን ለማስነሳት በተሞከረበት ደቂቃ ነው። መኪና ሲቆም ዘይቱ ከሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ ወርዶ ያልቃል፤ የፒስተን ቀለበቶቹም በዝገት ከግድግዳው ጋር ይያያዛሉ። በዚህ ሁኔታ ሞተሪኖው በኃይል ሲያዞረው ቀለበት ይሰበራል፣ ግድግዳውም ይጫራል።

ስለዚህ አራቱ ካንዴላዎች ተፈትተው በየቀዳዳው ጥቂት ዘይት ይጨመራል። የቮልስዋገን ሲሊንደሮች የተጋደሙ በመሆናቸው ዘይቱ ወደ ታችኛው ጎን ያደላል፤ ጊዜ ሊሰጠው ይገባል። ከአንድ ሁለት ቀን በኋላ ማርሹ ዜሮ ላይ ሆኖ ፑሊው በቁልፍ ቀስ ብሎ ወደ ሰዓት አቅጣጫ ይዞራል። እምቢ ካለ መጠበቅ እንጂ ማስገደድ አይገባም።

ሞተሩ በነፃነት ከዞረ አሮጌው ዘይት ይቀየራል። መጠኑ 2.5 ሊትር ብቻ ሲሆን የዘይት ፊልትሮ የለውም፤ ከሥሩ ያለው ወንፊት ወጥቶ መታጠብ አለበት። የወጣው ዘይት ቤንዚን ቤንዚን የሚሸት ከሆነ የነዳጅ ፓምፑ ወይም ካርቡራቶሩ እያፈሰሰ ነው ማለት ነው።

የአየር ማስገቢያውም ቸል ሊባል አይገባም። ቮልስዋገን የሚቀዘቅዘው በአየር ነው። በማራገቢያው ሽፋን ውስጥ አይጥ ጎጆ ሠርታ ከሆነ ሞተሩ ተነሥቶ ጥቂት እንደሠራ ይግላል፤ የሙቀት መለኪያ ስለሌለው ነጂው የሚያውቀው ከተቃጠለ በኋላ ነው። ማራገቢያውን የሚያዞረው ቺንጋም ከተሰነጠቀ መለወጥ አለበት።

ነዳጅና እሳት

ለዓመታት የተቀመጠ ቤንዚን ወደ ሙጫነት ተለውጦ የካርቡራቶሩን ቀዳዳዎች ይደፍናል። አሮጌው ተቀድቶ ታንኩ ይታጠባል። የነዳጅ ታንኩ ከፊት፣ ሞተሩ ከኋላ በመሆኑ ቤንዚኑ የመኪናውን ርዝመት አቋርጦ ይሄዳል፤ በሁለቱም ጫፍ ያሉት የጎማ ቱቦዎች በደረቁ ጊዜ ይሰነጠቃሉ። የሞተሩ ግንድ የማግኒዥየም ቅይጥ ስለሆነ አንዴ ከተቀጣጠለ ለማጥፋት እጅግ አስቸጋሪ ነው። ርካሹን ቱቦ መለወጥ መኪናውን በሙሉ ከማጣት ያድናል። በሥራው ጊዜም የእሳት ማጥፊያ ከአጠገብ መለየት የለበትም።

በመጨረሻ ባትሪ ይገባል። የቆዩት ሞዴሎች 6 ቮልት ሲሆኑ የኋለኞቹ 12 ቮልት ናቸው፤ ሳይለዩ ማገናኘት አምፖሎችን ያቃጥላል። ካንዴላዎቹ እንደተፈቱ ሞተሪኖው የዘይት መብራቱ እስኪጠፋ ድረስ ያዞረዋል። ከዚያ በኋላ ካንዴላው ተመልሶ፣ በር በተከፈተበት ወይም ከቤት ውጭ፣ ይነሣል።

የከፍታው ጉዳይ

በግዢ ድርድር ላይ የሚታይ አንድ ስህተት አለ። የሲሊንደር ግፊት መለኪያ ቁጥር ከፋብሪካው መጽሐፍ አንሶ ሲገኝ ሞተሩ አልቋል ይባላል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የምትገኝ በመሆኗ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው በሩብ ያህል ያንሳል። ጤነኛ ሞተርም እዚህ ሲለካ በዚያው መጠን ዝቅ ብሎ ይታያል። ከቁጥሩ ይልቅ በአራቱ ሲሊንደሮች መካከል ያለው ልዩነት ይበልጥ ይናገራል። አንዱ ከሌሎቹ እጅግ ካነሰ ችግር አለ፤ አራቱም ተቀራራቢ ከሆኑ ግን ሻጩ ዋጋውን የሚያወርድበት በቂ ምክንያት አይኖርም።

ከመነሣት በፊት መቆም

የተነሣ ሞተር ሻጭንም ገዢንም ያስደስታል፤ መንገድ ላይ የሚያወጣው ግን ፍሬኑ ነው። የፍሬን ዘይት እርጥበት ስለሚስብ ለዓመታት የቆመ መኪና ሲሊንደሮች ከውስጥ ይዝጋሉ። በቀድሞዎቹ ሞዴሎች ላይ አራቱም ጎማዎች በአንድ መስመር ስለሚያዙ አንድ ቦታ ካፈሰሰ ፍሬኑ በሙሉ ይጠፋል። ዘይቱ፣ የጎማ ክፍሎቹና ያረጁት ጎማዎች ሳይለወጡ መኪናውን ከግቢ ማውጣት ከኪሳራም የከፋ አደጋ ያስከትላል።

መለዋወጫ በአንጻሩ የሚያሰጋ አይደለም። ቮልስዋገን ሜክሲኮ ውስጥ እስከ ሐምሌ 1995 ዓ.ም. ሲመረት ቆይቶ ከ21 ሚሊዮን በላይ በመሸጡ መለዋወጫው ዛሬም ይሠራል፤ የብዙ ዓመታት ሞዴሎችም ዕቃ ይዋዋሳሉ።

ከዚህ ሁሉ የሚገኘው ትምህርት ለደላላም ለሻጭም ይሠራል። በእጅ የሚዞር ሞተርና የተስማማ ሊብሬ ያለው መኪና ባይነሣም የሚታወቅ ዕቃ ነው፤ የሚታወቅ ዕቃ ደግሞ ከማይታወቅ ይበልጥ ያወጣል። ከመሸጡ በፊት ሁለት ቀን ሰጥቶ ያስመረመረ ባለንብረት የሚያገኘው ጭማሪ አብዛኛውን ጊዜ ገዢው ለጥርጣሬው የሚቀንሰው ገንዘብ ነው።