ከደጃፍ የወጣ ቆሻሻና የባለቤቱ ኃላፊነት

«ቆሻሻውን አስነሥቻለሁ፤ ገንዘቡንም ከፍያለሁ፤ ከዚህ ወዲያ የእኔ ጉዳይ አይደለም።» ይህን አነጋገር በቦሌና በምሥራቅ አዲስ አበባ በንግድ ሥራ ከተሰማሩ ወገኖቻችን አዘውትረን እንሰማለን። አባባሉ በሕግም ሆነ በኅሊና ፊት እንደማያዋጣ በዚህ ትምህርት አብረን እንመለከታለን።

1. ቆሻሻው ወዴት ይሄዳል?

ጋራዡ በጎርፍ መውረጃ ቱቦ የደፋው የተቃጠለ ዘይት፣ ምግብ ቤቱ የጣለው ፌስታልና ቅባት በዝናብ ታጥቦ ወንዝ ይገባል። የምሥራቁ የከተማችን ወንዞችም ትልቁን አቃቂ እየተቀላቀሉ ወደ አባ ሳሙኤል ሐይቅ ይወርዳሉ። በአቃቂ ውኃ ጎመንና ሰላጣ ይለማል፤ አትክልቱም ለገበያ ይቀርባል። ስለዚህ ከደጃችን ያራቅነው ቆሻሻ በማዕዳችን ላይ ሊጠብቀን ይችላል።

በመኪና ተጭኖ የሄደውም ቢሆን አልጠፋም። ከ50 ዓመታት በላይ የከተማው ቆሻሻ፣ የቦሌው ጭምር፣ ሲከመር የኖረው በደቡብ ምዕራብ አዲስ አበባ በሚገኘው ቆሼ ነው። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ክምሩ ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎችን ገደለ፤ ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። እነዚህ ወገኖቻችን የሞቱት እኛ በጣልነው ጥራጊ ሥር ነው።

2. ሕጉ ምን ይላል?

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 44 ማንኛውም ሰው ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት እንዳለው ይደነግጋል። በ1995 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 300 አካባቢን የበከለ ሰው ራሱ እንዲያጸዳ ወይም የማጽጃውን ወጪ እንዲከፍል ደንግጓል። በ1999 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 513 ደግሞ ደረቅ ቆሻሻ የሚሰበስብና የሚያጓጉዝ ሁሉ አስቀድሞ ፈቃድ እንዲያወጣ አዝዞ ነበር። በ2017 ዓ.ም. የጸደቀው አዲስ አዋጅም ፌስታልን ከልክሏል።

3. ምን እናድርግ?

ሀ. ወረቀቱን፣ ጠርሙሱንና ብረታ ብረቱን ለይተን ለቆራሌው ወይም ለሚገዛ ማኅበር እንስጥ።

ለ. የተቃጠለ ዘይትን በተከደነ ዕቃ እናጠራቅም፤ ያረጀ ባትሪን ሳንሰብርና አሲዱን ሳንደፋ ፈቃድ ላለው ተረካቢ እናስረክብ።

ሐ. የሚያነሣልንን ሰው ፈቃዱን እንጠይቅ፤ የሚደፋበትን ቦታ እንወቅ፤ ደረሰኝም እንያዝ። ከሌላው በግማሽ ዋጋ የሚያነሣ ሰው የቀረውን ዋጋ በማን ላይ እንደሚጥል እናስብ።

መ. ስባሪ ጠርሙስና ስለት ያለው ነገር ለብቻው እናስቀምጥ፤ ጆንያውን የሚሸከመው ባልንጀራችን ነውና።

ለውይይት፦ ከመሥሪያ ቤታችን ባለፈው ሳምንት የወጣው ቆሻሻ ዛሬ የት ይገኛል? መልሱን ካላወቅን ማንን እንጠይቅ?