ፈረስን በየዕለቱ አያያዝ ስለ ማላመድ

ለእርሻና ለከብት ርባታ ሹማምንት የቀረበ ትምህርት

ፈረስ ባለቤቱን ማመኑ የሚታወቀው በግልቢያ ሜዳ ብቻ አይደለም፤ ይልቁንም ኮርቻው ከወረደ በኋላ ጀርባው ሲዳሰስና ሰኰናው ሲነሣ ይታወቃል። ጀርባውን የማያስነካ ፈረስ ቁስሉ ከኮርቻው በታች ተሰውሮ እስኪመግል ድረስ አይታይለትም፤ እግሩን የማያስይዝ ፈረስም ሰኰናው ውስጥ የገባው ጠጠር እስኪያነክሰው ድረስ አይወጣለትም። ስለዚህ ፈረስን ማላመድ ለጌጥና ለጉግስ ብቻ የሚደረግ ሳይኾን የጤናው ጥበቃ መጀመሪያ መኾኑን መረዳት ይገባል።

በአገራችን የፈረስ ክብር ጥንታዊ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፥ ዐፄ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፥ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፥ ራስ አሉላም አባ ነጋ እየተባሉ በፈረሳቸው ስም ተጠርተዋል። ዛሬም ፈረስ በደጋው አገር ሰውና ጭነት ያመላልሳል፤ በብዙ ከተሞችም ጋሪ እየሳበ የባለቤቱን ቤተ ሰብ ያኖራል። ነገር ግን ክብሩ በስም ብቻ ቀርቶ ጀርባው ከቈሰለ ለፈረሱም ለቤተ ሰቡም የሚተርፍ ጥቅም የለም።

አስቀድሞ የፈረስን ጠባይ ማወቅ ያስፈልጋል። ፈረስ ከአውሬ በመሸሽ የሚድን እንስሳ ነው። ዐይኖቹ በራሱ ግራና ቀኝ ስለ ተቀመጡ ዙሪያውን በሰፊው ያያል፤ ኾኖም ከግንባሩ ፊት እጅግ የቀረበውንና ከጭራው በስተኋላ በቀጥታ ያለውን አያይም። እንግዲህ ከኋላው በድንገት የተጠጋ ሰው ቢረገጥ፥ ፈረሱ ክፉ ስለ ኾነ ሳይኾን ያላየው ነገር ስለ ደረሰበት ነው።

የአያያዙም ሥርዐት እንደሚከተለው ነው።

አንደኛ፤ ወደ ፈረሱ ሲቀርቡ ድምፅ እያሰሙ በትከሻው በኩል በቀስታ መሄድ ነው።

ሁለተኛ፤ እጅን ፊቱ ላይ ከመዘርጋት ይልቅ አንገቱን፥ ቀጥሎም ጋማው የሚያልቅበትን ከትከሻው በላይ ያለውን ጉብታ ማከክ ነው። ፈረሶች እርስ በርሳቸው በጥርስ የሚተካከኩት በዚህ ስፍራ ነው። በፈረንጆች አቈጣጠር በ1993 ዓመተ ምሕረት የታተመ የካማርግ ፈረሶች ጥናት፥ ይህ ስፍራ በእጅ ሲታከክ የፈረሱ የልብ ትርታ እንደሚቀንስ አስረድቷል።

ሦስተኛ፤ ገመዱን በጥቂቱ ስቦ፥ ፈረሱ አንዲት እርምጃ እንደ ተራመደ ወዲያው ማላላት ነው። ፈረስ የሚማረው ከመሳቡ ሳይኾን ከመላላቱ ነው፤ ታዞም ሳለ ገመዱ ካልላላለት መታዘዝን ይተዋል።

አራተኛ፤ እጅን ከትከሻው ጀምሮ ሳያነሡ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ማውረድ፥ እግሩንም ለጥቂት ጊዜ ብቻ አንሥቶ፥ ሳይታገል በቀስታ መመለስ ነው። በማግስቱ ጥቂት ይጨመራል።

አምስተኛ፤ የሚያስፈራው ነገር ቢገኝ በጅራፍ ወደዚያ አለመንዳት ነው። የተመታ ፈረስ ሕመሙን ከፈራው ነገር ጋር አዛምዶ ያስባልና ፍርሃቱ እጥፍ ይኾናል። ከሩቅ ቁሞ እንዲመለከት ቢተዉትና ራሱን ዝቅ ሲያደርግ ቢያቀርቡት ይሻላል።

ይህ ምክር አዲስ አይደለም። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4ኛው መቶ ዓመት የነበረው ግሪካዊው ክሴኖፎን ስለ ፈረስ አያያዝ በጻፈው መጽሐፍ፥ ማንም ሰው በቍጣ ወደ ፈረስ እንዳይቀርብ፥ የፈራውንም ፈረስ በማባበል እንጂ በማስጨነቅ እንዳያስተምሩት መክሯል።

ደግሞም ልብ ሊባል የሚገባ ነገር አለ። ገራም የነበረ ፈረስ ኮርቻ ሲያይ ጆሮውን ወደ ኋላ ቢያጥፍ ወይም ለመናከስ ቢቃጣ፥ ባለቤቱ «ከፋብኝ» ብሎ ዱላ ከማንሣቱ በፊት ጀርባውን፥ አፉንና ሰኰናውን ይመርምር። አንደበት የሌለው እንስሳ ሕመሙን የሚናገረው በዚህ መንገድ ነውና።

እንግዲህ ሹማምንት ወደ ገበያና ወደ ጋሪ ማቆሚያ ስትወርዱ የፈረሱን ውፍረትና ክሳት በማየት ብቻ አትመለሱ። ኮርቻው ወይም የጋሪው ዕቃ እንዲወርድ፥ ባለቤቱም ጀርባውን በእጁ እንዲዳስስና አራቱን እግሮች እንዲያነሣ በትሕትና ጠይቁ። ፈረሱ ዝም ብሎ ከቆመ ባለቤቱን አመስግኑት፤ ሌሎችም ከርሱ እንዲማሩ አድርጉ። እንቢ ካለ ግን ከላይ የተጻፈውን በዚያው ስፍራ በሥራ አሳዩት። የክትባት ቀን ከመድረሱ አስቀድሞ ይህ ቢደረግ፥ በዚያን ቀን ፈረስ በገመድ አይጣልም፤ ሐኪሙም አይረገጥም።

ለዚህ ኹሉ ገንዘብ አይጠየቅም። የሚያስፈልገው በየዕለቱ ጥቂት ደቂቃ፥ የማይለዋወጥ አያያዝና ቍጣን የሚገታ ልብ ነው። ትናንት ተዳብሶ ዛሬ የሚደበደብ ፈረስ ነገ የትኛው እጅ እንደሚመጣበት አያውቅምና ኹለቱንም ይፈራል።