የቍጥርን ሥዕል ዳግመኛ ይታረም ዘንድ ስለ ማስቀመጥ

መምህራን ሆይ፤ የዝናምን ልክ በየወሩ መዝግቦ በኮምፒዩተር ግራፍ የሚሥል ሰው፥ ሥዕሉን ከማስቀመጡ በፊት አንድ ነገር ያስብ፤ የሐምሌው ቍጥር ስሕተት ኾኖ ቢገኝ በምን ያርመዋል?

ፒኤንጂ በሚባለው ዐይነት የተቀመጠ እንደ ኾነ የቀለም ነጠብጣብ ብቻ ነው፤ መስመሩ ከየትኛው ቍጥር እንደ ወጣ አይገኝበትም። ኤስቪጂ ይሻላል፤ መስመሩና ቅርጹ ለየብቻ ስለ ተጻፉ ቀለማቸውንና ውፍረታቸውን መለወጥ ይቻላል። ነገር ግን መስመርን በእጅ ወደ ላይ መጐተት ግምት እንጂ እርማት አይባልም።

ማትላብ የሚባለው መሣሪያ ፊግ በተባለ ፋይል ሥዕሉን ከነቍጥሩ ያኖራል፤ ኋላም በማትላብ ሲከፈት አርእስቱም ሚዛኑም ይለወጣል። ጆን ሀንተር የጀመረው፥ በ2003 እ.ኤ.አ. የወጣው ማትፕሎትሊብም በፒክል አማካይነት እንዲሁ ያደርጋል። ኾኖም በአንዱ ዕትም የተቀመጠው በሌላው ዕትም ለመከፈቱ ዋስትና የለውም። ካልታወቀ ሰው የመጣ ፒክልማ ፈጽሞ አይከፈት፤ በውስጡ የተሰወረ ትእዛዝ ቢኖር ሲከፈት ይሠራልና።

በእኔ አሳብ ከኹሉ የሚታመነው፥ ቍጥሮቹን በሲኤስቪ ፋይል ጽፎ፥ ሥዕሉን የሚያወጣውን የትእዛዝ ጽሑፍ ከአጠገቡ ማኖር ነው። የሐምሌው ቍጥር በፋይሉ ታርሞ ትእዛዙ እንደ ገና ሲሠራ፥ ሥዕሉ ራሱ ይቃናል። በዐምዱ ራስ ላይ ልኩ በሚሊሜትር መኾኑ፥ ወሩም በማን አቈጣጠር እንደ ኾነ ይጻፍ፤ የፈረንጆች ጁላይ ከሰኔ 24 እስከ ሐምሌ 24 ነውና።