ቢላዋ መሥራትን ለሚጀምር ሰው የሚገባ ትምህርት

በገበሬ ቤት ውስጥ እንደ ቢላዋ የሚያገለግል ዕቃ ጥቂት ነው። ሥጋ ይቈርጣል፥ ሽንኩርት ይከትፋል፥ ጠፍር ይተለትላል። ነገር ግን በቢላዋው የሚጠቀም ሁሉ ሠሪውን አያከብርም። በግዕዝ ጠቢብ ማለት ዐዋቂ ማለት ነው፤ ባለ እጅም በዚሁ ስም ሲጠራ ኖሯል፤ ሰዎች ግን የክብሩን ስም ወደ ስድብ ለወጡት። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን መስደብ በአዋጅ ከለከሉ። አዋጅ አፍን ይከለክላል፤ ልብን የሚመልሰው ግን የሥራውን ጥልቀት ማወቅ ነው።

ስለ ብረቱ። ብረት ሁሉ ስለት አይይዝም። ለስላሳውን ብረት አረብ ብረት የሚያደርገው በውስጡ ያለው ጥቂት ካርቦን፥ ይኸውም የከሰል ባሕርይ ነው። ለቢላዋ የሚሆነው ብረት ከ100 እጅ ከ0.6 እስከ 1 እጅ ያህል ካርቦን ያለው ነው። ለጀማሪ ያረጀ የመኪና ባሌስትራ ይበቃዋል። ሚስማርና የአጥር ሽቦ ግን ለስላሳ ናቸውና ድካም ብቻ ያተርፋሉ። ዚንክ የተቀባ ብረት ወደ እሳት አይግባ፤ ጢሱ ሰውን ያሳምማል።

ስለ መቀጥቀጡ። የሚያስፈልገው ወናፍ፥ ከሰል፥ መስፍ፥ መዶሻ፥ ጉጠትና ሞረድ ነው። ብረቱ የብርቱካን መልክ ሲይዝ ይመታል፤ ወደ ደብዛዛ ቀይ ሲመለስ ግን መዶሻው ይቁም፤ በርዶ የተመታ ይሰነጠቃልና። ነጭ ሆኖ ፍንጣሪ ከረጨ ደግሞ ተቃጥሏል፤ የተቃጠለውም አይድንም። አስቀድሞ ጫፉ፥ ቀጥሎ ስለቱ፥ በመጨረሻ በእጀታው ውስጥ የሚገባው ጭራ ይሠራል። ስለቱ ገና አይሳል፤ 1 ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት ይቅርለት፤ አለዚያ በሚጠልቅበት ጊዜ ይጣመማል።

ስለ ማጠንከሩ። የቢላዋው ነፍስ በዚህ ነው፤ ጀማሪም ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው በዚህ ነው። ብረቱ 770 ዲግሪ ያህል ሲግል ማግኔት አይስበውም። ከዚያ ጥቂት ጨምሮ ካጋሉት በኋላ ለብ ባለ ዘይት ውስጥ በቀጥታ ይጠልቃል። ባሌስትራ በውኃ ቢጠልቅ ሊሰነጠቅ ይችላል። ዘይቱ በብረት ዕቃ ይሁን፥ ክዳኑም በአጠገብ ይቀመጥ፤ ቢነድ በክዳን ይታፈናል እንጂ ውኃ አይጨመርበትም።

ከዘይቱ የወጣው ቢላዋ ሞረድ የማይበላው ጠንካራ ይሆናል፤ ጀማሪውም ሥራው ያለቀ ይመስለዋል። ነገር ግን ያን ጊዜ እንደ ብርሌ ተሰባሪ ነው፤ ከእጅ ቢወድቅ ይሰበራል። ስለዚህ በአሸዋ ተፈግፍጎ ከጠራ በኋላ ጀርባው በጋለ ወፍራም ብረት ላይ ይቀመጣል። መልኩ ከጀርባው ወደ ስለቱ ቀስ እያለ ይለወጣል፤ ስለቱ የገለባ መልክ ሲይዝ፥ ጀርባውም ሰማያዊ ሲሆን፥ ወዲያው በውኃ ይቀዘቅዛል። የገለባው መልክ የሚታየው በ200 ዲግሪ ያህልና ከዚያ ጥቂት በላይ ነው። በዚህም ስለቱ ጥንካሬውን ሲጠብቅ ጀርባው መቻልን ያገኛል። ከዚህ በኋላ እጀታው ይገባል፥ ስለቱም በድንጋይ ላይ ዘንበል ተደርጎ ይሳላል።

ይህን ሁሉ የአገራችን ባለ እጅ ያለ መለኪያ በዓይኑ ብቻ ለይቶ ሲሠራ ኖሯል። እንዲህ ያለ ዕውቀት ከመጽሐፍ ተነቦ ብቻ አይገኝም፤ ዐዋቂው ሲሞት አብሮት ይቀበራል። ስለዚህ አስተማሪው አስቀድሞ ባለ እጁን በአክብሮት አስፈቅዶ ደቀ መዛሙርቱን ወደ ወናፉ ይውሰዳቸው። ልጆቹ ከእሳቱ ርቀው ይመልከቱ፥ ይጠይቁም። የአገር ሽማግሌዎችም አብረው ይሂዱ፤ ልጅ የሚያከብረው አባቱ ሲያከብር ያየውን ነውና። የመጀመሪያው ቢላዋ ቢሰበር አያሳፍርም፤ የሚያሳፍረው በሰላ ቢላዋ እየቈረጡ የሳለውን እጅ መናቅ ነው።