ማሽኑ ዴዴሳን ያያል፤ የጉቴን ቦይ ግን አያይም

በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ ሊያልቅ ሲል የደቻቱ ወንዝ ድሬዳዋ ላይ በአንድ ሌሊት ከ250 በላይ ሰው ገደለ። ሳምንት ቆይቶ ኦሞ ሞላና በደቡብ ኦሞ ከ360 በላይ ሰው አለቀ። ክረምቱ አንድ ነው፣ አመጣጣቸው ግን ለየቅል ነበር። ደቻቱ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው፤ የሐረርጌ ደጋ ላይ የወረደው ዶፍ በሰዓታት ውስጥ ተምዘግዝጎ የተኛ ሰው ላይ ደረሰ። ኦሞ ደግሞ ከሰፊ ተፋሰስ የብዙ ቀን ዝናብ እያጠራቀመ የሞላ ወንዝ ነው። ወለጋ ውስጥ ጉቴ ወይም ነቀምቴ ሆኖ የጎርፍ ጉዳይ የሚመለከተው ባለሙያ፣ የማዘጋጃ ቤት ሠራተኛም ይሁን የልማት ጣቢያ ሠራተኛ ወይም ተቋራጭ፣ አስቀድሞ መለየት ያለበት የሚያሰጋው ውሃ ከሁለቱ የትኛውን እንደሚመስል ነው። አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ዛሬ በደንብ የሚተነብየው የኦሞን ዓይነት ነውና።

በዚህ ሥራ በይበልጥ የሚታወቀው የጎግል ፍለድ ሃብ ነው። የጎግል የጎርፍ ትንበያ እ.ኤ.አ. በ2018 ሕንድ ላይ ተጀምሮ በ2023 ወደ 80፣ በ2024 ወደ 100 አገሮች ተስፋፋ። በዚያው በ2024 ኔቸር መጽሔት ላይ በወጣው ጥናት፣ ሞዴሉ ከ5,680 የወንዝ መለኪያ ጣቢያዎች መዝገብ ተምሮ፣ መለኪያ በሌለው ወንዝ ላይ እንኳ ከአምስት ቀን በፊት የሚሰጠው ትንበያ ግሎፋስ የተባለው የአውሮፓ ሥርዓት ለዕለቱ ከሚሰጠው ግምት ጋር እንደሚስተካከል ታይቷል። ለወለጋ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ዴዴሳ አርጆ አካባቢ፣ አንገርም ነቀምቴ አካባቢ የቆየ መለኪያ አላቸው፤ ወደ እነሱ የሚገቡት አብዛኞቹ ወንዞች ግን የሚለካቸው የለም። እርሻው ወይም ሥራው በዴዴሳና በአንገር ሸለቆ የሆነ ሰው ከሰኔ እስከ መስከረም የፍለድ ሃብን ካርታ ከፍቶ ለወንዙ የሚቀርበውን ነጥብ ቢከታተል አይከስርም። ፓምፕ ለማንሳት፣ ከብት ከዳር ለማራቅ፣ የተከመረ ማዳበሪያ ወደ ከፍታ ለማውጣት ሦስት ቀን ይበቃል።

ካርታው ላይ ያሉት ደረጃዎች ብዙ ሰው ያሳስታሉ። ማስጠንቀቂያው በየሁለት ዓመቱ፣ የአደጋው ደረጃ በየአምስት ዓመቱ፣ የከፋው በየ20 ዓመቱ ሊደርስ በሚችል ፍሰት የተለካ ነው። «የ20 ዓመት ጎርፍ አምና መጥቷል፣ እንግዲህ ለ20 ዓመት አርፈናል» የሚል ኃላፊ ካጋጠማችሁ በትህትና አርሙት። በማንኛውም ዓመት የመምጣት ዕድሉ 5 በመቶ ነው፤ አምና መጣ ማለት ዘንድሮ ይቀራል ማለት አይደለም። በ20 ዓመት ውስጥ ቢያንስ አንዴ የመድረሱ ዕድል ደግሞ 64 በመቶ ገደማ ነው። ድልድይ ወይም መጋዘን የሚሠራ ሰው ይህችን ቁጥር ይያዛት።

አሁን ወደ ጉቴ። እንዲህ አስፋልት ዳር የተቀመጠ ተዳፋት ከተማ የሚያሰጋው ከዴዴሳ ይልቅ ከጓሮ ከፍታ ወርዶ መንገዱን የሚያቋርጠው ውሃ ነው። ሞዴሉ የሚያሰላው የወንዝን የቀን ፍሰት ስለሆነ፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተነስቶ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ የሚያልቅ ጎርፍ አይታየውም። እዚህ ላይ የራሳችሁ ስሌት ያስፈልጋል፤ ስሌቱም ከባድ አይደለም።

አንድ ሚሊሜትር ዝናብ ማለት በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ውሃ ነው። ከከተማው በላይ ውሃውን ወደ አንድ ቱቦ የሚያወርድ 200 ሄክታር ተዳፋት አለ እንበል። በአንድ ከሰዓት 40 ሚሊሜትር ቢዘንብ 80,000 ሜትር ኩብ ውሃ ይሆናል። ሲሶው ብቻ ቢወርድ፣ በሁለት ሰዓት ቢያልቅ፣ በሰከንድ 3.7 ሜትር ኩብ ገደማ ነው። ስፋቱ 90 ሳንቲሜትር የሆነ ቱቦ ሞልቶ፣ ውሃው በሰከንድ ሁለት ሜትር ቢሮጥ፣ የሚያሳልፈው 1.3 ገደማ ነው። ያውም ንጹሕ ከሆነ! ፌስታልና ሃይላንድ፣ የበቆሎ አገዳ፣ ከማሳ የታጠበ ቀይ አፈር ግማሹን ከያዘው ውሃው ወደ ሱቆቹ መግባቱን ለማወቅ ማሽን አያስፈልግም። የእናንተ ቱቦ ስንት ነው? ከላዩስ ስንት ሄክታር አለ? ሜትርና የሳተላይት ምስል ያለው ባለሙያ በግማሽ ቀን ይመልሰዋል።

በዚህ ላይ የዝናብ መለኪያ ጨምሩ። ትምህርት ቤት ወይም ጤና ጣቢያ ግቢ ውስጥ፣ ከዛፍና ከጣሪያ የራቀ ቦታ ተክሎ በየቀኑ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ማንበብ ነው። የዕለቱ ቁጥር ብቻውን ብዙ አይናገርም፤ የአሥር ቀኑን ድምር ተመልከቱ። ግንቦት ላይ የወረደውን ዝናብ ደረቁ መሬት አብዛኛውን ይጠጣዋል፤ ነሐሴ ላይ መሬቱ ጠግቧልና ያው መጠን አብዛኛው ወደ ቦይ ይሄዳል። ግንቦትም ቢሆን አይታመንም፤ አዲስ የታረሰ ማሳ አፈሩን ለቆ ቱቦ የሚደፍነው ያኔ ነው። ስለዚህ ጠረጋው ሰኔን ሳይጠብቅ ሚያዝያ ላይ ይጀመር።

ትንበያው ሲመጣ ማን ለማን እንደሚደውል ካልተወሰነ ግን ሁሉም ከንቱ ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚበላሸውም እዚህ ላይ ነው። ይፋዊው ትንበያ ከኢትዮጵያ ሜትሮሎጂ ኢንስቲትዩት የሚወጣው ነው፤ የየአሥር ቀኑን መግለጫ ከፍለድ ሃብ ካርታ ጎን አስቀምጣችሁ አንብቡ። ሁለቱ ሲስማሙ ለወረዳው የአደጋ ስጋት ሥራ አመራር ንገሩ እንጂ የካርታውን ፎቶ ቴሌግራም ላይ በትናችሁ ሰው አታሸብሩ። ናይጄሪያ ኮጊ ግዛት ውስጥ ጊቭዳይሬክትሊ የተባለው ድርጅት ትንበያው ከተወሰነ ደረጃ ሲያልፍ ጎርፉ ሳይደርስ ለቤተሰቦች ገንዘብ መላክ ሞክሯል። ከእነሱ የምንወስደው ገንዘቡን ሳይሆን ደረጃውንና እርምጃውን በጋ ላይ ጽፎ መፈራረሙን ነው። «ድምሩ ይህን ያህል ሲደርስ ቀበሌው ከቦይ ዳር ያሉትን ቤቶች ያንኳኳል» የሚል አንድ ገጽ ወረቀት በቂ ነው። ማንኳኳት ያልኩት ሆን ብዬ ነው፤ ዶፍ ሲወርድ መብራትና ኔትወርክ አብረው የሚሄዱበት ቀን አለና።

ቻት ጂፒቲንና መሰሎቹን የምትጠቀሙ ከሆነ «ነገ ጉቴ ጎርፍ አለ ወይ» ብላችሁ አትጠይቁ፤ የጓሯችሁን መሬት ስለማያውቁት መልሱ አሳማኝ ቢመስልም ባዶ ነው። የሦስት ዓመት የዝናብ መዝገብ ደርድሩልኝ፣ ከ30 ሚሊሜትር በላይ የዘነበባቸውን ቀኖች አውጡልኝ፣ ይህን ማስጠንቀቂያ አሳጥሩልኝ ካላችኋቸው ግን ጊዜ ይቆጥባሉ። በአፋን ኦሮሞ የጻፉትን ሳታነቡ አትላኩ፤ «ተሻገሩ» እና «አትሻገሩ» ቢቀያየሩ የሚጠየቀው ላኪው ነው። ማስጠንቀቂያችሁ ባዶ የሆነ ቀንም ዝም አትበሉ፤ በማግስቱ ያው ያንኳኳው ሰው ተመልሶ ለምን እንደቀረ ይንገር፣ የዕለቱ ሚሊሜትርም መዝገብ ላይ ይግባ።