«አልተገኘም» ማለት «የለም» ማለት ነውን?
በከርሰ ምድር ውኃ ውስጥ የአረም ማጥፊያ ቅሪት እንዴት ይለካል?

እንደሚታወቀው በማሳ ላይ ከሚረጨው የአረም ማጥፊያ ከፊሉ ከዝናብ ጋር ሰርጎ ከርሰ ምድር ውኃ ሊደርስ ይችላል። ለበቆሎ እርሻ የሚውለው አትራዚን ለዚህ ዓይነተኛ ምሳሌ ነው። የአውሮፓ ኅብረት በመጠጥ ውኃ ውስጥ ለአንድ ፀረ ተባይ የሚፈቅደው በሊትር 0.1 ማይክሮግራም፣ ማለትም የግራም አንድ አሥር ሚሊዮንኛ ብቻ ነው። ይህን ያህል ጥቂት ነገር እንዴት እንለካለን?

ክምችቱን ማሳደግ

በመጀመሪያ ውኃው የካርቦን ሰንሰለት በተለጠፈበት የሲሊካ ዱቄት በተሞላ ትንሽ ቱቦ ውስጥ እንዲያልፍ ይደረጋል። አትራዚኑ በዱቄቱ ላይ ይቀራል። ከዚያም በሜታኖል ታጥቦ ይወጣል፤ ሜታኖሉም እስከ ግማሽ ሚሊ ሊትር ድረስ እንዲተን ይደረጋል። በመጨረሻም በክሮማቶግራፊ ከሌሎች ውህዶች ተለይቶ በአልትራቫዮሌት ብርሃን ይለካል። በቢር-ላምበርት ሕግ መሠረት አብዞርባንስ ከክምችቱ ጋር ቀጥተኛ ወደርነት አለው።

ብዙ ውኃ ሁልጊዜ ይሻላልን?

ግማሽ ሊትር ውኃ ወደ ግማሽ ሚሊ ሊትር ሲወርድ ክምችቱ 1000 እጥፍ ያድጋል። ውኃውን 2 ሊትር ብናደርገው 4000 እጥፍ እናገኛለን ብለን እንጠብቅ ይሆናል። ነገር ግን አትራዚን በአፈር ውስጥ ሲፈርስ የሚፈጠረው ዴስኤቲልአትራዚን ከውኃ ጋር ይበልጥ ስለሚስማማ ከቱቦው ቀድሞ ያመልጣል። ለምሳሌ በግማሽ ሊትር 90 በመቶው፣ በ2 ሊትር ግን 20 በመቶው ብቻ ቢያዝ፣ ትክክለኛው ዕድገት በመጀመሪያው 900፣ በሁለተኛው 800 እጥፍ ይሆናል። አራት እጥፍ ውኃ አሳልፈን ያነሰ ውጤት አገኘን ማለት ነው።

የአሲድነት ሚና

በአገራችን በጤፍና በስንዴ ማሳ ላይ የሚረጨው ቱ-ፎር-ዲ ደግሞ አሲድ ነው። በተራ ውኃ ውስጥ ፕሮቶኑን ለቅቆ ኔጋቲቭ ቻርጅ ስለሚይዝ ዱቄቱ በሚገባ አይዘውም። የውኃው ፒኤች ወደ 2 ገደማ ዝቅ ሲል ግን ገለልተኛ ሆኖ ይያዛል።

የውኃውን መጠን፣ ፒኤችንና የሜታኖሉን መጠን እያንዳንዳቸውን በሁለት ደረጃ ብንፈትን 8 ሙከራዎች ይኖሩናል። እነዚህም አንዱ በሌላው ላይ ያለውን ተጽዕኖ ጭምር ያሳያሉ። በየሙከራው በንጹሕ ውኃ ላይ የታወቀ መጠን ጨምረን ምን ያህሉ እንደተመለሰ እንለካለን።

ከ0.5 ማይክሮግራም በታች መለየት የማይችል ዘዴ 0.3 ላለበት ውኃ «አልተገኘም» ቢል ሐሰት አልተናገረም። ከጉድጓዱ የሚቀዳው ሰው ግን «ንጹሕ ነው» ብሎ ይረዳዋል። ስለዚህ «አልተገኘም» የሚል ውጤት ሁሉ ዘዴው ሊለየው ከሚችለው ዝቅተኛ መጠን ጋር አብሮ ሊጻፍ ይገባል።